የጾመኛ ትንፋሽ

ልጄ መኪና ውስጥ የሚነፋ ነገር አስገብተውበታል። መልኩ እንደ ድሮ ስልክ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ጥምዝምዝ ገመድ አለው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቱቦ። መኪናው እንዲነሳ መጀመሪያ እሱን መንፋት አለበት። ትንፋሹ ንፁህ ከሆነ ይነሳል፤ መጠጥ ከሸተተው እምቢ ይላል። ተነስቶም አያርፍም። ትልቁ መንገድ ላይ እየበረርን ሳለ በድንገት ይጮሃል፤ እንደገና ንፋ ማለቱ ነው። ያኔ ልጄ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ያን ነገር ይዞ ይነፋል። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ወደ ውጭ ዛፍ ዛፉን አያለሁ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው እኮ! እናቴ እያየችኝ ነው ብሎ እንዳያፍር ብዬ ነው።

ያስገቡበት ጠጥቶ ሲነዳ ስለያዙት ነው። እሱም ይጻፍ ብሏል፣ አልደብቅም። ሚስቱ ከተለየችው በኋላ መጠጥ አበዛ። አንድ ቀን ከአሌክሳንድሪያ ወደኔ ሲመጣ ፖሊስ አቆመው። ዳኛ ፊት ቀረበ። ይህን ነገር እየነፋህ ትነዳለህ፣ መጠጥ ካገኘብህ ጊዜው ይራዘማል፣ ከደጋገምክ ላይሰንስህ ይወሰዳል አሉት። ከዚያ ወዲህ መጠጥ በአፉ አልዞረም።

እኔ የምኖረው በዚህ በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የአዛውንቶች ሕንፃ ውስጥ። እሱ ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ሆቴል ውስጥ ጥገና ይሠራል። ከልጁ ጋር ይኖራል። ይህን የምትጽፍልኝ እሷ ናት፣ የልጅ ልጄ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዴ ጽፋ ጽፋ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ትለኛለች። በአማርኛ በይው እላታለሁ።

ልጄ ረቡዕና እሁድ ይመጣል። ረቡዕ ከሥራ ወጥቶ አትክልቱን፣ ወተቱን፣ መድኃኒቴን ይዞልኝ ይመጣል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይወስደኛል፣ ከዚያ እኔ ቤት እንበላለን። የቀረው ቀን የማንም አይደለም። ቴሌቪዥኑን እከፍተዋለሁ፤ ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ ግን ሰው ቤት ውስጥ የሚያወራ ይመስለኛል። አንዳንዴ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። ምን እንዳሳቃቸው እግዜር ይወቀው። መስኮቴ ወደ ፓርኪንጉ ነው የሚያየው። መኪና ሲገባ አያለሁ፣ ሲወጣ አያለሁ። ማታ ራሴን ስጠይቀው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የተናገርኩት ነገር ኤሌቬተር ውስጥ ያልኳት አንዲት ጉድ ሞርኒንግ ብቻ ትሆናለች።

ስለዚህ ያ የሚነፋ ነገር የሱ ብቻ አይደለም። የኔም ነው። እሱ እሺ ካለ ልጄ ይመጣል። እምቢ ካለ አይመጣም። ባቡር አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን ቀኑን ሙሉ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሰው ከነከረጢቱ ባቡር ቀይሮ፣ አውቶቡስ ጠብቆ፣ እስከ መቼ ይመጣል? መጀመሪያ ረቡዕ ትቀራለች። ከዚያ እሁድ ትቀራለች። ሕንፃችን ውስጥ ልጆቻቸው እንዲህ እንዲህ እያሉ የቀሩባቸው አሉ። ክፉ ልጆች ሆነው አይደለም።

ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ እሁድ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ነበር። ለቤቱ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ዕቃ ላውርድልህ ብዬ አብሬው ወረድኩ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሳይዘጋ ቁራሽ ቆርሶ ጎረሰ። ከዚያ ያን ነገር አንስቶ ነፋ። ጮኸ። አየው። እንደገና ነፋ። እንደገና ጮኸ።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽኝ!" አለኝ።

"እኔ ምን አደረግሁህ?"

"ዳቦሽ ነው። እርሾው። ይህን የገጠመልኝ ሰውዬ ነግሮኝ ነበር። ዳቦ፣ የአፍ ማጠቢያ፣ የሳል ሽሮፕ፣ አፍ ውስጥ የሚቀር ነገር ካለ መጠጥ ይመስለዋል።"

"ዳቦዬ ሰካራም ነው በለኝ!"

ሳቀ። ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ውሃ አመጣሁለት፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ትንሽ ቆየን። ነፋ፤ ተነሳለት። እኔም ሕንፃው በር ላይ ቆሜ እስኪያልፍ እየሳቅሁ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ዳቦ ያልነካው ቀን ሲጮህበት የምንለው ስላጣን ነው።

ሁዳዴ ገባ። ልጄ ከሳ። ሱሪው ወገቡ ላይ ተሰበሰበ፣ አንገቱ ቀጠነ። ስኳር አለበት፣ ኪኒን ይወስዳል፤ ይህን አውቃለሁ። "ምነው እንዲህ ከሳህ?" ስለው "ሐኪም ክብደት ቀንስ ብሎኛል" ይለኛል። ደስ አለኝ እንጂ ምን ክፉ አስባለሁ? እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት ደህና አድርጎ ይበላል። ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሁለት እንጀራ። ረቡዕ ሲመጣ ግን ቅመስ ስለው "በልቻለሁ" ነው መልሱ። ሁልጊዜ በልቻለሁ። ውሃ ግን ይጠጣል። ቆሞ አንድ ብርጭቆ፣ ደግሞ አንድ ብርጭቆ።

ጾሙ ገፋ ሲል አንድ ረቡዕ አትክልቱን አስቀምጦ፣ ስሞኝ ወረደ። እኔ እንደ ልማዴ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። መኪናው ውስጥ ገባ። አይነሳም። ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል። ቆየ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወረድኩ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"እምቢ አለኝ።"

"ዳቦ በልተሃል?"

"ምንም አልበላሁም፣ እማዬ።"

"ሽሮፕ?"

"ምንም።"

በመስኮቱ ጎንበስ አልኩ። ትንፋሹ መጣብኝ። ጣፋጭ ነገር ነው የሸተተኝ። እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ፣ ደግሞ ሴቶች የጥፍር ቀለም እንደሚያጠፉበት ነገር። ጠጥቶ ሲመጣ ያባቱ ትንፋሽ እንዲህ አይሸትም ነበር፤ ግን የልጄም ንፁህ አይደለም። ልጄ እንደሸተተኝ አወቀ። አየኝ። እኔም አየሁት።

"ባቡር እይዛለሁ" አለኝና ከመኪናው ወረደ። አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው፣ አይወላገድም። ግን ትከሻው ወርዷል። መኪናው እኔ ጋ ቀረ፣ ልጄ ሄደ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ መስኮት ጋ ስቆም መኪናውን አያለሁ። ሌላ ጊዜ ያን መኪና ሳይ ልቤ ደስ ይለዋል፤ ያን ጊዜ ሬሳ እንደማየት ሆነብኝ።

ያ ነገር የተነፋውን ሁሉ መዝግቦ ይልካል። ማሽኑን የሚቆጣጠሩት ሰዎች ደወሉለት። አንድ ጊዜ ከደገምክ ላይሰንስህን እንወስዳለን አሉት። እሱ አልነገረኝም፤ የነገረችኝ ይቺ የምትጽፍልኝ ልጅ ናት፤ በስልክ።

"እማማ፣ አባ እየጠጣ ነው" አለችኝ።

"አይተሻል?"

"አላየሁም። ማሽኑ ግን አይዋሽም። ደግሞ ማታ ታች ቤዝመንት ወርዶ በሩን ይዘጋል። ምን ይሠራል እዚያ? ራት አብሮኝ አይበላም። እኔ በቃኝ፣ አላናግረውም።"

እንዳለችውም አላናገረችውም። አሁን ስትጽፈው ቀና አላለችም። ጻፊው ብያታለሁ፣ ማንም አይፈርድብሽም፤ እኔም ያው ነበርኩ።

እሁድ በባቡር መጣና መኪናውን ነፋው። ወዲያው ተነሳለት! ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ ተመለስን፣ አንድም ጊዜ አልጮኸም። እሁድ ንፁህ፣ ረቡዕ ቆሻሻ። ይቺ ልጅ በስልክ ስነግራት "እሁድ ካንቺ ጋር ስለሆነ አይጠጣማ" አለችኝ። እኔም እንዲያ ይሆን እያልኩ ነው። ምሳ ላይ አላስቻለኝም።

"እኔ ልሙት በለኝ" አልኩት። "እውነቱን ንገረኝ።"

"አንቺ አትሙቺ።"

"በለኝ!"

"እማዬ ትሙት፣ አልጠጣሁም።"

"ታዲያ ማታ ታች ቤት ምን ትሠራለህ?"

እንጀራውን ቆርሶ ሳያጠቅስ እጁ ላይ ያዘው። "የራሴ ጉዳይ ነው" አለኝ። ልጄ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የራሴ ጉዳይ። ከዚያ በኋላ የበላነው እህል አልጣመኝም። ወጥቶ ሲሄድም መስኮት ጋ አልሄድኩም።

የዚያን ሳምንት ብቸኝነት እንዴት ልንገራችሁ? ሰው ሳይኖር ብቻ መሆን ለምጄዋለሁ። ሰው እያለ ብቻ መሆን ሌላ ነው። ኤሌቬተር ውስጥ የማገኛት አንዲት የአገሬ ሴት አለች፣ ከኔ በታች ፎቅ የምትኖር፣ ሁሉን የምታውቅ።

"እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው? ባለፈው መኪናው እዚህ አደረ፣ እሱ በእግሩ ሲሄድ አየሁት።"

"ደህና ነው። ተበላሽቶበት ነው።"

"አይ፣ የተበላሸውስ መኪናው አይደለም" አለችኝና ፈገግ ብላ ፎቋ ላይ ወረደች። ወደ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ቆምኩ። እኔም እንደሷ አስብ ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ በባቡር መጣ። መኪናውን ሊነካው ፈርቶ ነው። ሁለት ከረጢት ይዟል። በሩን ስከፍትለት ከረጢቱን መሬት ላይ ለቀቀው እንጂ አላስቀመጠውም፤ ሽንኩርቱ ተንከባለለ። ፊቱ አመድ ሆኗል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ቧንቧው ጋ ሄዶ ጎንበስ ብሎ በእጁ ጠጣ። ከዚያ ሶፋው ላይ ወደቀ።

"ሆዴን" አለኝ። "እማዬ፣ ሆዴን።"

አስታወከው። የወጣው ውሃ ብቻ ነው። ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ስልኩን አንስቼ ለዚች ልጅ ደወልኩ።

"አባትሽ ታሟል።"

"ሰክሮ ነው፣ እማማ። ይተኛ። ሲነቃ ይሻለዋል።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አየሁት። እኔ ሰካራም አላጣሁም። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ይጠጣ ነበር። ሰካራም ያንኮራፋል፣ ይለፈልፋል፣ ያለቅሳል፣ ይተኛል። ልጄ ግን ተጋድሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው የሚተነፍሰው። ደረቱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጥልቅ ጥልቅ አድርጎ ይስባል፣ አየሩ አልበቃውም። ዓይኑ ተከፍቷል፣ እያየኝ ነው፤ ግን ስሙን ስጠራው ቶሎ አይመልስልኝም።

"ስሚኝ" አልኳት። "ሰክሮም ቢሆን ይሰከር። አምቡላንስ ጥሪልኝ። እኔ በእንግሊዝኛ ምን ብዬ እጠራለሁ?"

"እሺ" አለች።

መጡ። አፉን ሲሸቱት ተያዩ። አንዱ በእጁ ብርጭቆ የመጨለጥ ምልክት አሳየኝ፣ ይጠጣል ወይ ማለቱ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ፣ አይጠጣም ልል። ግን አነቃነቄ የጠነከረ አልነበረም። አብሬው አምቡላንሱ ውስጥ ገባሁ። እጁን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። መንገዱን ሁሉ ሌላ ነገር አልፈለግሁም፤ ይስከር ብቻ፣ ስካር ይሁን ብዬ ለመንኩ። ስካር ያልፋል።

ሆስፒታል ስንደርስ ደም ወሰዱ፣ መርፌ ሰኩ፣ ጥያቄ ጠየቁኝ። ምን እንደሚሉ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን ጨብጫለሁ። እንዲያ ሰው በሞላበት ቦታ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ይቺ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ እስክትደርስ የዓመት ያህል ሆነብኝ። ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ተቆጥታለች። ሐኪሟ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ምን ያህል ጠጥቷል አለቻት። ልጅቷም ይጠጣል፣ ደብቆ ይጠጣል አለች። ሐኪሟ ወደ ኮምፒውተሩ አይታ "ደሙ ውስጥ አልኮል የለም" አለች።

"የለም?" አለች ይቺ ልጅ።

"የለም። ሲበላ ሰንብቷል? የመጨረሻ መቼ ነው የበላው?"

ልጄን ጠየቁት። ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እሁድ ምሳ እኔ ጋ በልቷል አልኩ። ከዚያ ወዲህ አላውቅም።

ያኔ ነው ነርሷ ልብሱን ልትቀይርለት ሱሪውን ያወለቀችው። ጉልበቱን አየሁት። ሁለቱም ጉልበቱ ተገሽልጧል። አንዱ ጠቁሮ ደርቋል፣ አንዱ ገና እርጥብ ነው። ነርሷ "የት ወድቆ ነው?" ብላ ጠየቀች። ግን አልወደቀም። ያን ቁስል አውቀዋለሁ። ስግደት ነው። ያውም የብዙ ቀን፣ ያውም ሲሚንቶ ላይ።

ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ "ቀኖና ላይ ነው ያለኸው?" አልኩት።

እንባው በዓይኑ ጠርዝ ወረደ። "ለሰው አይነገርም" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አይነገርም። ንስሐ አባት ለበደልህ ይህን ጹም፣ ይህን ስገድ ብሎ የሚሰጥህ ባንተና በሱ መካከል ነው። ለእናት አይነገርም፣ ለልጅ አይነገርም። ግን ቀስ እያልኩ ጠየቅሁት፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነገረኝ፤ ስለ መጠጡ ንስሐ ገብቶ ቀኖና ተቀብሏል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፀሐይ እስክትገባ እህል አይቀምስም፤ ሲመሽ ቆሎና ውሃ ብቻ። ከዚያ ታች ቤት ወርዶ በሩን ዘግቶ ይሰግዳል። ቅዳሜና እሁድ ስግደት ስለሌለ፣ እንዲያ ያለ ጾምም ስለሌለ ይበላል። እሁድ ንፁህ፣ ረቡዕ ቆሻሻ ያልነው ይኸው ነው። እኛ ይጠጣል ብለን በር ዘግተንበት እሱ ስላለፈው መጠጥ ግንባሩን መሬት እያስነካ ነበር።

ከሰው ምስጢር ማውጣት ከበደኝ። ግን ትንፋሹን እያየሁት ነው።

"ንገሪያት" አልኳት ለዚች ልጅ።

"ምን ብዬ? ምን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።"

"ከሰኞ ጀምሮ ከማታ ቆሎ በቀር እህል አልቀመሰም በያት። ጾሙ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ነው በያት። ኪኒኑን ግን ይውጣል።"

ነገረቻት። ሐኪሟ ቆመች። ከዚያ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች፣ ሰዎች ጠራች። በኋላ ትንሽ ሲረጋጋ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ይቺ ልጅ የተረጎመችልኝን በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ሰውነት እህል ሲያጣ የራሱን ስብ ያነዳል። ሲያነድ እንደ ጭስ ያለ ነገር ያወጣል፣ እሱ በትንፋሽ ይወጣል፤ ያ የሸተተኝ እሱ ነው። ጤነኛ ሰው ቢጾም ጥቂት ነው፣ ምንም አይለውም። ስኳር ያለበት ሰው ግን፣ ያውም ልጄ የሚወስደው ዓይነት ኪኒን ስኳሩን በሽንት የሚያስወጣ ስለሆነ፣ ጭሱ ይበዛበታል፤ ደሙ ይኮመጥጣል። ጣቱን ወግቶ ሲለካ ስኳሩ ደህና ይመስላል፣ ውስጥ ውስጡን ግን ይሞታል። እና ያ ጭስ ሰውነት ውስጥ የአልኮል ዘመድ ወደሆነ ነገር ሊቀየር ይችላል። መኪናው ውስጥ ያለው ማሽን ደግሞ ዘመዱን ከዘመዱ ሁልጊዜ አይለይም።

"ታዲያ ማሽኑ ዋሸ?" አለች ይቺ ልጅ።

ሐኪሟ አሰበች። "አልጠጣም ነበር። ግን የሆነ ነገር ሸቶታል። እንደታመመ ነበር የሸተተው" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ሰክሯል፣ ቢተኛ ይሻለዋል ብላችሁ ብትተዉት ኖሮ ማታውን አያልፍም ነበር" አለች። ይቺ ልጅ ይህን መጀመሪያ አልተረጎመችልኝም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ ነው የነገረችኝ። እኔ አቀፍኳት። ከዚህ በላይ አታጽፊኝ ትለኛለች፤ እሺ።

ንስሐ አባቱ ሆስፒታል መጡ። አጠገቡ ቁጭ አሉ።

"ስኳር እንዳለብህ ለምን አልነገርከኝም?" አሉት።

"አባ፣ ሰበብ ፈለገ እንዳይሉኝ ብዬ ነው።"

"ለኔ በሽታህን ደበቅህ፣ ለሐኪሟ ጾምህን ደበቅህ። አንተ እኮ ራስህን ሸሽገህ ሸሽገህ ልትጠፋ ነው!" አሉት። ከዚያ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው "ከዛሬ ጀምሮ ቀኖናህ መብላት ነው። ጠዋት ትበላለህ፣ ቀን ትበላለህ፣ ማታ ትበላለህ። የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ሆድህ ባዶ አይዋል" አሉት።

"ስቅለትም አባ?"

"ስቅለትም።"

ልጄ ከዚያ ቀን በላይ ያዘነበትን አላየሁም። ጹም ሲሉት ደስ ብሎት ጾመ። ብላ ሲሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሐኪሟ ኪኒኑን ቀየረችለት። ማሽኑን ለሚቆጣጠሩትም የሆነውን ጻፈችላቸው። ላይሰንሱን አልወሰዱትም። ያን ነገር ግን አላወጡለትም፤ ጊዜውን ጨመሩበት። ማሽኑ ያየውን አይቷል አሉ። ልጄ አልተከራከረም። ይህን በነገሩት ማግስት ረቡዕ ነበር፣ መጣ። መስኮት ጋ ቆሜ ሳየው መኪናውን አቁሞ ውስጡ ትንሽ ቁጭ አለ። ቀና ብሎ ወደ መስኮቴ አየ። እጄን አነሳሁለት።

ሰው ከሞት ተርፎልሽ ምን ቀረሽ ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ምንም አልቀረብኝም። ግን ልጄ በልጅነቱ ጾም ከጀመረ ወዲህ የጾምኩትን ሁሉ ከሱ ጋር ነው የጾምኩት፤ ድልድይ ማዶ ሆኖም ቢሆን። ሰባት ሰዓት ላይ ሆዴ ሲጮህ የሱም እየጮኸ ነው እላለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ ሳነሳ እሱም አነሳ እላለሁ። አሁን እሱ ጠዋት ይበላል። መብላቱን በስልክ እጠይቀዋለሁ፣ በልቻለሁ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ከሱ አፍ ማመን አቅቶኛል። ስለዚህ "ምን በላህ? በምን በላህ?" እለዋለሁ። እንደ ሕፃን። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ እጾማለሁ። ጾም ለብቻ ሲሆን ይረዝማል።

ስቅለት ደረሰ። በጠዋት ወሰደኝ። ገና መኪናው ውስጥ ስገባ ዓይኑን አይቼ እንዳልበላ አወቅሁ። የሽሮ ፍትፍት በሳህን አድርጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ማንኪያ ጨምሬ ይዤ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ሞልቷል፣ ሰው ነጭ ለብሶ ይገባል። ከውስጥ በድምፅ ማጉያ እግዚኦታው ይሰማል።

ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

"እማዬ፣ እዚህ? ዛሬ?"

"አባ ምን አሉህ?"

"ሰው ያያል። ዛሬ ሕፃን እንኳን አይበላም።"

"ሕፃን ይበላል። ብላ።"

"ቤቴ ብበላ ይሻለኝ ነበር።"

"አልበላህማ።"

ማንኪያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። አንድ ቤተሰብ በአጠገባችን ሲያልፍ ሳህኑን በፎጣው ሸፈነው። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ዞሬ በሱ በኩል መስኮቱ ጋ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ በሁለት እጄ ዘረጋሁት፤ የታጠበ ልብስ የማሰጣ መስዬ።

"አሁን ብላ" አልኩት ሳልዞር።

መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ።

አንዲት ሴት ልጆቿን እየጎተተች ስትሮጥ አየችኝ። "እማማ፣ አይገቡም እንዴ? ስግደቱ ተጀምሯል እኮ!"

"መጣሁ፣ ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው።"

ወደ ሰማይ አየች። ደመና ነው። ምንም ሳትለኝ ገባች። ቀስ በቀስ ፓርኪንጉ ጭር አለ፤ ሰው ሁሉ ውስጥ ነው፤ አንድ ላይ ሲወድቁ አንድ ላይ ሲነሱ ድምፃቸው ይመጣል። አፌ ደርቋል። ክንዴ መዛል ጀመረ።

"ጨረስክ?"

"ትንሽ ቀረኝ።"

"አትቸኩል" አልኩትና ነጠላውን ከፍ አደረግሁት።